ሰፊ ሱሪ፣ አጭር ቁመትና የጅማ ጭቃ

ለዚህ እትም ከጅማ የደረሱን ደብዳቤዎች ዞረው ዞረው አንድ ጥያቄ ላይ ይገናኛሉ፦ አዲስ የመጣው ፋሽን ያምርብኛል ወይስ ይቅርብኝ? አንድ ፋሽን ሲመጣ አራት ነገሮችን አንድ ላይ ይዞ ነው የሚመጣው፦ ርዝመት፣ ስፋት፣ ጨርቅ እና ወገቡ የሚያርፍበት ቦታ። አራቱንም እንዳሉ የመቀበል ግዴታ የለባችሁም። ሦስቱን ወስዶ አንዱን ልብስ ሰፊ ዘንድ ማስቀየር ይቻላል። የማይቀየረው የእናንተ ውሎ ነው፤ ዝናቡ፣ ባጃጁ፣ በእጅ ማጠቡና ገመድ ላይ ማስጣቱ። ስለዚህ መልሶቻችን ውስጥ ከመስታወቱ ይልቅ ሜትርና ጭቃ ቢበዙ አትፍረዱብን።

«አጭር ነሽና ሰፊ ሱሪ አይሆንሽም» ተባልኩ

ጥያቄ፦ እንደምን ከረማችሁ አዘጋጆች? 26 ዓመቴ ነው፤ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። ቁመቴ 1.54 ሜትር ሲሆን ዳሌዬ ሰፋ ይላል። ሰው ሁሉ ሰፊ ሱሪ ለብሷል። እኔም ሁለት ገዛሁ፤ ጓደኞቼ ግን «አሳጠረሽ» ሲሉኝ ለእህቴ ሰጠኋቸው። የምኖረው ቦሳ አዲስ ነው፤ አስፋልት ድረስ በእግሬ ወጥቼ ነው ባጃጅ የምይዘው። ጭቃውን ታውቁታላችሁ። ከሰፊ ሱሪ ልራቅ ወይስ መላ አለው? — ኤ.

መልስ፦ አትራቂ። የሱሪዎቹን ልክ አልጻፍሽልንም፤ ሆኖም ሰፊ ሱሪ ቁመት የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ምክንያት ነው። ወገቡ እምብርት ሥር ዝቅ ብሎ ሲያርፍ እግርሽ ከዚያ የሚጀምር ይመስላል። ታችኛው ጫፍ ደግሞ ጫማ ላይ ሲከመር እግርሽ መሬት ሳይደርስ ያለቀ ይመስላል። ሁለቱም የሚስተካከሉ ናቸው።

መጀመሪያ ሜትር ያዢ። ወገብሽን ከእምብርት ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ቀጠን በሚለው ቦታ፣ ዳሌሽን ደግሞ ከወገብ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በጣም በሚሰፋው ቦታ ለኪ። የውስጥ እግርሽን፣ ማለትም ከጭን መገናኛ እስከ ወለል ያለውን፣ ከሱሪው ጋር የምታደርጊውን ጫማ አድርገሽ ሌላ ሰው ይለካልሽ፤ ራስሽ ጎንበስ ብለሽ ከለካሽ ቁጥሩ ይዛባል። በአንቺ ቁመት ከ68 እስከ 72 ሴንቲ ሜትር ቢመጣ አይግረምሽ። ተሰፍተው የሚመጡ ጂንሶች የውስጥ እግራቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ76 እስከ 81 ነው፤ መለያው ላይ በኢንች 30 ወይም 32 ተብሎ የሚጻፈው ሁለተኛው ቁጥር ማለት ነው። ልዩነቱ ከአሥር ሴንቲ ሜትር በላይ ሊደርስ ስለሚችል ያልተቆረጠ ሱሪ አንቺ ላይ መከመሩ አይቀርም።

ሱሪ በዳሌ ይገዛል፣ በወገብ ይስተካከላል። ባንክ ቤት ቀኑን ሙሉ ተቀምጠሽ ትውያለሽና ይሄ ለአንቺ የግድ ነው፤ ሰው ሲቀመጥ ዳሌው ከቆመበት ይልቅ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። የማይለጠጥ ጨርቅ ከሆነ ከዳሌሽ ልክ ላይ 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር የሚተርፍ ምረጪ። ሱቅ ውስጥ ቆመሽ ብቻ አትሞክሪው፤ ወንበር ላይ ተቀመጪ፣ ከዚያም ሁለት ጣትሽን ወገቡ ውስጥ አስገቢ። ካልገቡ ከሰዓት በኋላ ቁልፉን መፍታትሽ አይቀርም። በዳሌ ልክ የተገዛ ሱሪ ወገብሽ ላይ ሰፍቶ ከቀረ ልብስ ሰፊው ከኋላ መሀል ስፌቱ ላይ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ያስገባልሻል። ከዚያ በላይ ካስገባ የኋላ ኪሶቹ ይቀራረቡና የመቀመጫው ስፌት ይጠማዘዛል።

አሁን ከፍታው። ሱሪውን ዘርግተሽ ከፊት በኩል ከወገቡ ጫፍ እስከ ጭን መገናኛው ስፌት ለኪ። ለአንቺ ከ26 እስከ 28 ሴንቲ ሜትር ጥሩ ነው፤ እምብርትሽን ይሸፍናል። ዝቅ ያለ ወገብ ፋሽን ሆኖ ተመልሷል፤ ልኩ 18 ወይም 20 አካባቢ ነው። እሱን ግን በግልጽ አንመክርሽም። አሳጠረሽ የሚያስብል ሱሪ ቢኖር እሱ ነው።

የእግሩ ስፋት ላይ ነው ፋሽኑን የምትመጥኚው። ገበያ ላይ ያሉት በጣም ሰፊዎቹ ጠፍጣፋ ተዘርግተው ሲለኩ ታች ጫፋቸው 28 እና 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 1.75 ለሆነች ሴት ያምራል። አንቺ ከ22 እስከ 24 አድርጊው፤ አሁንም ሰፊ ሱሪ ነው፣ ማንም «ይሄ የድሮ ነው» አይልሽም። ስታስጠብቢ ልብስ ሰፊው ከውስጥም ከውጭም ስፌት እኩል እንዲቀንስ ንገሪው። ጊዜ ለመቆጠብ ከውጭ ስፌት ብቻ የሚቀንሱ አሉ፤ ያኔ የሱሪው እግር ስትራመጂ ወደ አንድ ጎን ይዞራል። ይህ ስህተት አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም።

ጨርቁን በተመለከተ ወፍራምና ደረቅ ጂንስ ከጭን ርቆ ስለሚቆም ዳሌ ላይ ስፋት ይጨምራል። በጣም ቀጭኑ ደግሞ የውስጥ ልብስ መስመር ያሳያል። መሀል ላይ ያለውን፣ ወፈር ብሎ ወደ ታች የሚወርደውን ክሬፕ ፈልጊ። ጨርቁን በጡጫሽ አሥር ሰከንድ ጨብጠሽ ልቀቂው፤ ጭምድድ ብሎ ከቀረ ወንበር ላይ ከዋልሽ በኋላ ምን እንደሚመስል አየሽ ማለት ነው።

ከላይ የምትለብሺው ወይ ሱሪ ውስጥ ይግባ ወይ የዳሌ አጥንትሽ ላይ ይለቅ። ዳሌሽ በጣም በሚሰፋበት ቦታ ላይ የሚያልቅ ሸሚዝ ዓይንን እዚያው ያስቆማል።

ጭቃው ይቀራል። ልብስ ሰፊዎች ሰፊ ሱሪን ከወለል 1 ወይም 1.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ አድርገው ይቆርጣሉ። ከመጋቢት እስከ መስከረም ዝናብ በማይጠፋበት ከተማ ይሄ ልክ አይሠራም። የኋላው ጫፍ ተረከዝ ሥር ይገባል፣ ባጃጅ ላይ ስትወጪ ይረገጣል፣ ውኃውን ደግሞ እስከ ባት ድረስ ይስባል። የኛ ምክር ሁለት ሱሪ ነው። ለዝናቡ ወራት የውስጥ እግሩ ከ60 እስከ 62 የሆነ፣ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ብሎ የሚያልቅ፣ ታች ስፋቱ ከ22 የማይበልጥ፤ ጫማው ከሱሪው ቀለም ጋር ከተቀራረበ እግርሽን አይቆርጠውም። ሙሉ ርዝመት ያለውን ከኅዳር እስከ የካቲት ልበሽው። ቢሮ ላይ ባለ ታኮ አስቀምጦ መቀየር የሚሉ አሉ፤ ግን ለታኮ የተቆረጠ ሱሪ በጠፍጣፋ ጫማ መንገድ ላይ ይጠርጋል። አንድ ሱሪ፣ አንድ የጫማ ከፍታ።

ቀይ ጭቃ ከነካሽ እርጥቡን አትሺው፤ ወደ ጨርቁ ውስጥ ትገፊዋለሽ። ይድረቅ፣ በብሩሽ ይራገፍ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና። በረኪና አታስነኪው። የጅማ አፈር ቀይ የሆነው ብረት ስላለበት ነው፤ በረኪና ደግሞ የብረት እድፍን ጨርቁ ላይ ያጸናዋል። የቀረ ነጠብጣብ ካለ ሎሚና ጨው አድርገሽ ትንሽ አቆይተሽ እጠቢው፤ ባለቀለም ልብስ ከሆነ ቀድመሽ ከውስጥ በኩል እጥፋቱ ላይ ሞክሪው።

«መስቀያ ላይ የተሰቀለ ልብስ ይሉኛል»

ጥያቄ፦ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ቁመቴ 1.82፣ ክብደቴ 58 ኪሎ። ሰፋፊ ቲሸርትና ባጊ ሱሪ ስለብስ ልጆች መስቀያ ላይ የተሰቀለ ልብስ ይሉኛል። ጠባብ ስለብስ ደግሞ እግሬ እንጨት ይመስላል። የቱን ልያዝ? — ቲ.፣ ከጊንጆ

መልስ፦ ሰፊውን ያዝ፤ ግን ሁለት ቁጥር ከፍ ያለ ቲሸርት መግዛት አቁም። ብዙ ወጣት የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ደረቱ ብቻ አይሰፋም፤ አንገቱም ይከፈታል፣ ርዝመቱም ይወርዳል። ቀጭን አንገት ሰፊ አንገትጌ ውስጥ ሲታይ ነው መስቀያ የሚያስመስልህ። ከመጀመሪያው ሰፊ ሆኖ የተቆረጠ ቲሸርት ፈልግ። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ አንገቱ ጠበብ ብሎ ጠርዙ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወፍራም ነው፣ የትከሻው ስፌት ከትከሻ አጥንትህ ከ4 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ያርፋል፣ እጅጌው ክርንህ አጠገብ ይደርሳል፣ ርዝመቱ ደግሞ ከሱሪህ ዚፕ መጨረሻ አያልፍም። ደረትህ 88 አካባቢ ከሆነ የቲሸርቱ ዙሪያ ከ108 እስከ 112 ይበቃሃል፤ ጠፍጣፋ ሲዘረጋ ከብብት እስከ ብብት 54 ወይም 56 ማለት ነው።

ከልኩ በላይ ግን ውፍረቱ ነው የሚወስነው። ቀጭን ቲሸርት አጥንትህ ላይ ይወድቃል፤ ወፍራሙ የራሱን ቅርጽ ይዞ ይቆማል። ሱቅ ውስጥ እጅህን ከውስጥ አስገብተህ ወደ ብርሃን አንሳው፤ ጣቶችህ ተለይተው ከታዩ ተወው። ወፍራም ጥጥ በክረምት ቶሎ አይደርቅም፣ ሁለት ቀን ገመድ ላይ ሊያድር ይችላል። ስለዚህ ሦስት ወፍራም ቲሸርት ካለህ ለሳምንት ይበቃህ ይሆናል፤ አንድ ብቻ ከሆነ ግን እርጥቡን ትለብሳለህ፣ ሽታውም ከዚያ ነው የሚመጣው።

ሱሪው ላይ ወገቡ ልክህን ይያዝ። ከወገብህ 4 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚተርፍ ሱሪ በቀበቶ ሲታሰር ፊት ለፊት ይኮማተራል፣ ኋላው ደግሞ ባዶ ከረጢት ይሆናል። ታች ስፋቱ 22 ወይም 23 ይብቃ። በአንተ ቁመት ሱሪ ጫማ ላይ አንድ ጊዜ ታጠፍ ቢል አያስከፋም፤ ይሄ ረጃጅሞች ብቻ ያላቸው ዕድል ነው። ቀዝቀዝ ሲል ከቲሸርቱ ላይ ቁልፉ ያልተቆለፈ ሸሚዝ ደርብ።

ሰልቫጅ ርካሽ ነው፣ ቁም ሳጥኔ ግን ሞላ

ጥያቄ፦ ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ስወጣ ሰልቫጅ ሳላይ አልመለስም። ፋሽን የሆነ ነገር በርካሽ ሳገኝ አላስችል ይለኛል። ቤት ስደርስ ግን ወይ ይጠበኛል ወይ ከምን ጋር እንደምለብሰው ግራ ይገባኛል። እዚያ መሞከሪያ ቦታ የለም። ምን ልሥራ? — የሁለት ልጆች እናት፣ ከሄርማታ

መልስ፦ ዛሬ ማታ ቤትሽ ካለው ልብስ በጣም የሚመችሽን አንድ ሸሚዝ፣ አንድ ሱሪና አንድ ቀሚስ አልጋ ላይ ዘርጊ። ከሸሚዙ ሦስት ልክ ውሰጂ፦ ከብብት እስከ ብብት፣ ከትከሻ ስፌት እስከ ትከሻ ስፌት፣ ከትከሻ እስከ ታች። ከሱሪው አራት፦ ወገቡ፣ ዳሌው፣ የፊት ከፍታው፣ የውስጥ እግሩ። ከቀሚሱ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌና ርዝመት። ወረቀት ላይ ጽፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ አስቀምጪ፤ ትንሽ ሜትርም ያዢ። ገበያ ላይ የሚነሳው ልብስ ከነዚህ ቁጥሮች በ2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከሆነ ይሆንሻል። ጠፍጣፋ ላይ የምታዪው 2 ሴንቲ ሜትር ዙሪያው ላይ 4 እንደሚሆን ግን አትርሺ።

ብዙዎች የሱሪን ወገብ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ይለካሉ። ግምት ነው እንጂ ልክ አይደለም፤ አንገቱ ቀጭን የሆነ ሰው ይሳሳታል፣ የሚለጠጥ ጨርቅ ደግሞ ሁሉንም ያሳስታል። መለያው ላይ ባለው ቁጥርም አትተማመኚ። የአውሮፓ 38 የሚባለው ደረት ወደ 88፣ ዳሌ ወደ 96 አካባቢ ነው፤ ለእስያ ገበያ የተሰፋ ልብስ ግን «ኤል» ተብሎም ከአውሮፓው «ኤል» አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ሊያንስ ይችላል።

ልኩ ከሞላ ቀጥሎ ጥራቱን እዪ። የሚለጠጥ ጂንስ ከሆነ ጉልበቱ አካባቢ ሳብ አድርገሽ ልቀቂው፤ ቶሎ ካልተመለሰ ላስቲኩ ሞቷል፣ በአንድ ቀን ጉልበቱ ይወጣል። ብብቱን ወደ ብርሃን አድርጊና ቢጫ ከያዘ ተዪው፣ አይለቅም። ዚፑን ሦስት አራት ጊዜ አመላልሺው። ከጎን ስፌት ውስጥ ያለችው ትንሽ መለያ ካልተቆረጠች የጨርቁን ዓይነት በመቶኛ ትነግርሻለች፤ ካልተገኘች ከውስጥ እጥፋት አንድ ክር መዝዘሽ ቤት ውስጥ አቃጥዪው። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ ዐመድ ይሆናል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ይተዋል።

ከምን ጋር እንደምትለብሺው ግራ የሚገባሽ ገበያ ላይ ስላላሰብሽበት ነው። ከመክፈልሽ በፊት ቁም ሳጥንሽ ውስጥ ካሉት አብረውት የሚሄዱ ሦስት ልብሶች በስም ጥሪ። «አንድ ቀን ሰርግ ሲኖር» የሚለው አይቆጠርም። ዋጋውንም በመልበሻ ቀን ከፋፍዪው። 300 ብር ከፍለሽ አንድ ቀን የለበስሽው ሸሚዝ 300 ብር ነው። 1,500 ብር አውጥተሽ በዓመት 50 ቀን የምትለብሺው ጉርድ በቀን 30 ብር ይመጣል። ርካሹ የቱ እንደሆነ አንቺው ፍረጂ።

ክፍት አባያና ሰፊ እጅጌ

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም። አሁን ከፊት ክፍት የሆነ፣ እጅጌው በጣም የሚሰፋ የሳቲን አባያ ነው የሚለበሰው። ወድጄዋለሁ፤ ግን እግሬ ላይ ይጣበቃል፣ ይሞቀኛል፣ ሻሹም ከራሴ ላይ ይንሸራተታል። ቤት ውስጥም ለብሼው እውላለሁ። — አር.፣ ከጅሬን

መልስ፦ ወዓለይኩም ሰላም። ከመጨረሻው እንጀምር፤ ቤት ውስጥ አትልበሺው። ገበያ ላይ ያለው ሳቲን አብዛኛው ፖሊስተር ነው፤ ይህ ጨርቅ ሲቃጠል ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። አፉ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ እጅጌ ይዞ ከሰል ምድጃ ላይ ቡና መቁላት አደጋ ነው። ለቤት የጥጥ፣ እጅጌው አንጓ ላይ የሚሰበሰብ ይሁን። የሳቲኑን እጅጌ ሳታበላሺ ለመጠቀም ከፈለግሽ ልብስ ሰፊው ከውስጥ በኩል ትንሽ ቁልፍና ማሰሪያ ይስፋልሽ፤ ውዱእ ስታደርጊም ይጠቅምሻል።

እግርሽ ላይ የሚጣበቀው ፖሊስተር ከፖሊስተር ጋር ሲፋተግ በሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ነው፤ በተለይ በበጋ አየሩ ሲደርቅ። ከውስጥ የምትለብሺውን ቀሚስ ወደ ጥጥ ቀይሪ፤ መጣበቁም ሙቀቱም አብሮ ይቀንሳል። ሳቲን ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካላልሽ በቀር ለቀን ውሎ ቀለል ያለ ክሬፕ የተሻለ ነው፣ ላብ ሲነካው እንደ ሳቲን ነጠብጣብ አያሳይም። የሻሹ መንሸራተትም እዚያው ነው መፍትሔው፦ ከሥሩ የጥጥ ቆብ አድርጊ።

ክፍት አባያ ቁመትሽ አጠር ቢል እንኳ ያምራል፤ ከውስጥ የምትለብሺው ከላይ እስከ ታች አንድ ቀለም ከሆነ መሀል ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል። ርዝመቱን ከወለል 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጊው፤ ለባለ ሰፊ ሱሪዋ የነገርናት ጭቃ አንቺንም ያገኝሻል።

የልጄ ሰርግ ደርሷል

ጥያቄ፦ ልጆቼ፣ እንደምን አላችሁ። 58 ዓመቴ ነው፣ ሞላ ያልኩ ነኝ። ልጄን በጥር እድራለሁ። ልጆቹ «እማዬ ዘመናዊ ይሁን» ብለው ሽፎን ላይ ጥልፍ ያለበት፣ ከጉልበት በታች ጠቦ የሚዘረጋ ቀሚስ ሊያሰፉልኝ ነው። እኔ ፈትሉ አይሻልም ወይ እላለሁ። ማን ልክ ነው? — ወ/ሮ ኤም.

መልስ፦ እናታችን፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎ። በጨርቁ እርስዎ ልክ ነዎት። ሽፎን ስስ ስለሆነ ሙሉ ገበር ይፈልጋል። ከሥሩ የሚገባው ገበር አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ነው፣ ያሞቃል፤ ጥልፉ ሲከብድ ደግሞ ጨርቁን ወደ ታች ይስበዋል። በእጅ የተሸመነ ጥጥ ግን የራሱ ክብደት ስላለው ሆድ አካባቢ አይጣበቅም። ልጆቹም በአንድ ነገር ልክ ናቸው፤ እንደ ድሮው ከትከሻ ጀምሮ ወለል ብሎ የሚወርድ መሆን የለበትም፣ ቅርጽ ቢኖረው ያምርብዎታል።

ጉልበት ላይ የሚጠብበውን ግን ይተዉት። ፈትል አይለጠጥም። የእናት ቀን ደግሞ መቆም፣ መቀመጥ፣ እንግዳ መቀበልና መጨፈር ነው፤ እርምጃዎን ያሳጥርብዎታል፣ በመጀመሪያው እስክስታ ስፌቱ ይተረተራል። በምትኩ ደረትና ትከሻ ላይ ልክ የሆነ፣ ከጡት ሥር ጀምሮ ቀስ እያለ እየሰፋ የሚወርድ ያሰፉ። ዳሌ ላይ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይኑረው።

ጥበቡ የት እንደሚያርፍ የጨርቁን ያህል ይወስናል። ከአንገት እስከ ታች መሀል ለመሀል የሚወርድ፣ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ጥበብ ሰውነትን ቀጠን ረዘም ያደርጋል። ወገብ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ጥበብና ወፍራም መቀነት ሆድን ያጎላል። ታች ያለው ጥበብ 25 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቁመት ይቆርጣል፤ 8 ወይም 10 ይበቃል።

ከመቆረጡ በፊት ሁለት ነገር ያድርጉ። ነጭ ጨርቅ አርጥበው ጥበቡን አሸት አሸት ያድርጉት፤ ቀለም ከለቀቀ ሸማኔው ይቀይረው። ከዚያ ጨርቁ በቀዝቃዛ ውኃ ይነከርና ጥላ ላይ ይድረቅ። ፈትል ሲታጠብ ይገባል፤ ሳይነከር የተሰፋ ቀሚስ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል። ለመጀመሪያ ልክ ከሰርጉ አንድ ወር ቀደም ብለው ይሂዱ፤ የመጨረሻው ልክ አሥር ቀን ሲቀረው ይሁን፤ የዕለቱን ጫማና የውስጥ ልብስ አድርገው። በጎን ስፌቶች ውስጥ በየጎኑ 2.5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ እንዲተው ልብስ ሰፊውን አደራ ይበሉት። በሰርግ ሰሞን ሰው ይከሳል ወይም ይወፍራል፣ ሁለቱንም እናያለን።

አጫጭር መልሶች

*ከወለድኩ አራት ወሬ ነው። አሁን የሚለበሰውን ሰውነት የሚይዝ ቀሚስ ልግዛ?* አሁን አትግዢ። የምታጠቢ ከሆነ ደረትሽ በቀን ውስጥ እንኳ ይለዋወጣል፤ ወገብሽም ገና ቦታውን አልያዘም። ከፊት ቁልፍ ያለው ወይም ተጠቅልሎ በጎን የሚታሰር ቀሚስ ልኩን ከአንቺ ጋር ይቀያይራል፣ ለማጥባትም ይመቻል። የወገብሽ ልክ ለሁለት ወር ካልተለወጠ ያኔ ፋሽኑን እናወራለን።

*ነጭ ስኒከር ጅማ ላይ ያዋጣል?* ከኅዳር እስከ የካቲት ያዋጣል። ለዝናቡ ነጭ ካልሽ ሸራ አትግዢ፤ ላዩ ለስላሳና በጨርቅ የሚወለወል፣ የሶሉ ጎን ቡናማ ወይም ግራጫ የሆነ ምረጪ። የታጠበ ነጭ ሸራ ፀሐይ ላይ ቢጫ የሚሆነው ሳሙናው በደንብ ስላልወጣ ነው፤ ሦስት ጊዜ አለቅልቂው፣ በነጭ ሶፍት ጠቅልለሽ ጥላ ላይ አድርቂው።

*አስተማሪ ነኝ፣ 47 ዓመቴ ነው፤ ሆዴ ወጣ ብሏል። የጠበበው የሱፍ ልብስ አሁንም ይለበሳል?* ይለበሳል፤ ለእርስዎ ግን ቀጥ ብሎ የሚወርደው ይሻላል፤ ደግነቱ ፋሽኑም ወደዚያው እየተመለሰ ነው። ኮቱን በትከሻው ይምረጡ። ሆድ ላይ በየጎኑ አንድ ወይም አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ማስፋት ይቻላል፤ ትከሻ ማስተካከል ግን እጅጌውን ፈትቶ እንደ አዲስ መስፋት ነው፣ ጥቂት ልብስ ሰፊ ብቻ ያወጣዋል። የላይኛውን ቁልፍ ሲቆልፉ ከቁልፉ ዙሪያ የኤክስ ቅርጽ ሽብሽብ ከታየ ጠቦዎታል። ሱሪውን ከሆድ ሥር አያድርጉት፤ እምብርት ላይ ይታጠቁት፣ ታች ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን።

*የውሸት ቆዳ ጃኬት ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተላጠብኝ፣ ለምን?* ላዩ ላይ ያለው ስስ የፕላስቲክ ሽፋን በእርጥበት ስለሚበላሽ ነው፤ ባይለበስም ይላጣል። ቁም ሳጥን ውስጥ በላስቲክ ሸፍኖ ማስቀመጥ እርጥበቱን ስለሚያፍን ያባብሰዋል። ፋሽኑን ከወደድከው የጂንስ ጃኬት ያንኑ አቆራረጥ ይዞ ይገኛል፤ እውነተኛ ቆዳ ከሆነ ደግሞ በክረምት በየሁለት ሳምንቱ አውጥተህ አናፍሰው፣ ሻጋታ ከጀመረው ከቤት ውጭ ሆነህ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው እንጂ ውኃ አታስነካው።